ገደል ተጣለ የተባለው የቢራ ታፔላ

ለምወድሽ አክስቴ፣

የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ አርብ ገበያ ላይ ብርዱ ቢያንገበግበንም ደህና ነን። እኔ ከሒሳብ ፈተና በቀር ያመመኝ ነገር የለም። አባትሽ አባባም ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሰው ስልክ ለመስማት ሲጠጉ ግን ሕመሙ ይለቃቸዋል። በደብዳቤ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል፣ አባትሽ ታፔላሽን እውነት ገደል ጥለውት ከሆነ ያ ቤት ቤትሽ እንዳልሆነ፣ ለፋሲካም እንደማትመጪ ነግረሽኝ ስልኩን ዘጋሽው። እኔም ፍለጋ ጀመርኩ።

መቼም የድሮ የቢራ ታፔላ የመሰብሰብ በሽታ ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው አልጋዬ ሥር ለጫማ ቦታ ጠፍቷል። እንዳስተማርሽኝ በጣቴ እያንኳኳሁ እለያለሁ፦ እንደ ድሮ ሳህን የተለበጠው የጃንሆይ ዘመን ወፍራም ብረት እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የደርጉ ስስ ቆርቆሮ እንደ ጣሳ ቋ ይላል። የተጻፈበት የስልክ ቁጥር አጭር ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ነው። የዘንድሮው ሁሉ ሸራ ስለሆነ ሰዉ የገብስ ክምሩን ያለብስበታል። ወገዳ ላይ አንዱን የዶሮ ቤት በር ሆኖ አገኘሁት። የዶሮዎቹ ባለቤት እትዬ ፋንቱ በሳንቃ ቀየሩኝ፤ ዶሮዎቹ ግን እስካሁን አኩርፈዋል ይላሉ። የሚስማር ነጋዴው ሐጂ አንዋር ሱቅ ላይ ያለው ታፔላ ደግሞ ጀርባው የቢራ ማስታወቂያ ነው። ብነግራቸው፣ እኔ ፊቱን እንጂ ጀርባውን አላውቅም፣ አንቺም አላየሽም ብለው ብስኩት ሰጡኝ።

ያንቺን ግን ያየ የለም። ሁሉም የሚያስታውሰው፣ አባባ የመሪጌታ ልጅ ቢራ አትሸጥም ብለው፣ በገበያ ቀን፣ ጥምጣማቸውን እንኳ ሳይፈቱ ከግሮሰሪሽ ደጅ ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ ነው። ገደል ጣልኩት ሲሉ ያልሰማ ሰው የለም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። ገደል ጣልኩት አሉኝ። የትኛው ገደል ብላቸው፣ ገደል ገደል ነው፣ ምን ስም ያሻዋል አሉ። እንግዲያው በኪዳነ ምሕረት ይማሉልኝ አልኳቸው። ሳል ያዛቸው። ደግሜ ስጠይቃቸው ባሰባቸው፤ ውሃ አምጪልኝ አሉ። አክስቴ፣ አባትሽን ታውቂያቸው የለ? በታቦት ስም በሐሰት ከሚምሉ ሲያስላቸው ቢያድር ይመርጣሉ። ውሃውን ትቼ በቀጥታ ጓዳቸው ገባሁ።

አልጋቸው ራስጌ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እኔ የሰበሰብኳቸውን ሁሉ ዝገት በልቷቸዋል፤ ያንቺን አልነካውም። የኑግ ዘይት ይሸታል። ከሥር ሠዓሊው ጋሽ አገኘሁ የጻፈልሽ ስምሽ ደግሞ ከቢራው ስም ይበልጥ ያበራል። ሳየው ቆሜ ቀረሁ፤ አንቺ ሌባ እያሉ ደረሱብኝ። ማን ነው ዘይት የሚቀባው አልኳቸው። ዝገት ማሳደር ኃጢአት ነው አሉ። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ ግን አልነገሩኝም።

ልላክላት ብላቸው እምቢ አሉ። የሰው ንብረት ነው፣ አደራ ለወኪል አይሰጥም፣ ባለቤቷ ራሷ መጥታ ትረከብ ብለው ጋቢውን መልሰው አለበሱት። ቆየት ብለው፣ ከደብረ ታቦር ወዲህ ያለው መንገድ ተጠገነ ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። የት ሊሄዱ ነው ብላቸው፣ ማወቅም ክልክል ሆነ ብለው ተቆጡኝ።

ይህን ስጽፍልሽ፣ አንቺ ትተኚበት የነበረውን መደብ በዚያው በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው በአዲስ ጭቃ እየለሰኑት ነው። ላግዝዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ለማን ነው ብላቸው፣ ለድመቷ ነው አሉኝ። አክስቴ፣ እኛ ቤት ድመት የለም።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላሽ ሆና በሰላም ታግባሽ።

ዓይን ዓይንሽን ለማየት የጓጓችው
የወንድምሽ ልጅ