እትዬ የተመዘነች ዕለት

ውድ ታናሽ እህቴ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ፣ እኔም ታላቃችን እትዬም፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። እኔው ወጥቼ ጠገንኩት፤ እትዬ መሰላሉን ይዛ ስትጮህብኝ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ከጡረታ ወዲህ ከጤና ጣቢያው ጋር ሆነን ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን በበጎ ፈቃድ እንደምንጠይቅ ታውቂያለሽ። እኔ በርና ወንበር እጠግናለሁ፤ እሷ እንደ ነርስነቷ ደም ግፊት ትለካለች። ባለፈው ወር ታዲያ ጤና ጣቢያው የበጎ ፈቃደኞቹን ብቃት ልመዝን አለ። የእትዬ ደም ፈላ። «ጠጉሬን በዚህ ሥራ አሽብቼ ዛሬ ልፈተን?» እያለች ሄደች።

መዛኟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ክንዷን ዘርግታ «እስቲ እኔን ይለኩኝ» አለቻት። እትዬ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቀለለችላት፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ነፋች፣ አስተነፈሰች። ደገመች። እኔ ከጥግ ቆሜ፣ የሆነ ቁጥር ጥሪና እንገላገል እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ። ማን ያውቅባታል? እሷ ግን ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አይሰማኝም። ጆሮዬ ከድቶኛል» አለች።

የኔ ጆሮ ደግሞ ጭው አለ። መዛኟ ግን አልተቆጣችም። ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ የራስን አቅም ማወቅ ነው፣ በዚህ የሚስተካከልዎ አላገኘሁም አለቻት። ቢሆንም ግፊት መለካቱን ለሌላ ሰጡባት። ቤት ስንገባ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ሣጥን ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። በኋላ ከምንጠይቃቸው አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪ የነበሩት አሮጊት፣ «ነርሷ የት ጠፋችብኝ?» ብለው ላኩባት። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልፈይድ ስትል ጎትቼ ወሰድኳት። ከንፈራቸውን እያየች ለመስማት ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ስለሞተው ልጃቸው ማውራት ጀመሩ፤ እኛ እኮ ልጅ እንደነበራቸውም አናውቅም። ልንወጣ ስንል እጇን ይዘው «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ክንዴን ነበር የምታዪው፤ ዛሬ ገና ዓይኔን አየሽኝ» አሏት። በማግስቱ ቀድማኝ ጫማዋን አጠለቀች።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱ ላይ ይበርታ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። እትዬም ሁላችሁንም በያላችሁበት ትስማችኋለች። የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዘንላታል። እስከዚያው ስትደውዪ በቪዲዮ ይሁን፤ ፊትሽን ካየች ትሰማሻለች።

ወንድምሽ
ከእናታችን ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል