ለማርን በማን እንለውጠው

ጃንዋሪ 20፣ ሚልዋኪ

በረዶ። መኪናዬን በአካፋ ሳወጣ አረፈድኩ። ማታ የቅርጫት ኳስ ጨዋታችንን ተሸነፍን። ተጫዋቻችን ለማር እንደወትሮው ከጨዋታ በኋላ ደወለ።

«አክስቴ፣ ምን አየሽ?»

«ሲደክምህ፣ ኳስ ስትወረውር ቀኝ ክርንህ ይወርዳል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ተሸነፋችሁ።»

ሳቀ። ዘመዱ አይደለሁም፣ የክለቡ ተጫዋች መልማይ ነኝ። ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ መልምዬ ካመጣሁት ዘጠኝ ዓመት... አንድም ቀን ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ይህንኑ ነው።

ጃንዋሪ 23

ሃርላን ቢሮው ጠራኝ። አለቃዬ በር ከዘጋ ደህና ነገር የለም። ለማርን ሁለት ክለቦች ጠይቀዋል። ማያሚ ሁለት አንጋፋ ተጫዋቾች ይሰጠናል። ፖርትላንድ ደግሞ ኦወን ሪድል የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ በላዩም አዲስ ተጫዋቾች ለክለቦች ሲከፋፈሉ ቀድመን የምንመርጥበት ዕድል።

«የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ የለማር ውል ያልቃል፤ በባዶ እጃችን ጥሎን ይሄዳል» አለ። «ሂጂና ልጁን እዪው። ይሆናል ካልሽ እጨርሳለሁ፣ አይሆንም ካልሽ ለማር ይቆያል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ለማን ልተንፍስ? ያለኝ ሰው እሱው ራሱ ነው።

ጃንዋሪ 27፣ ፖርትላንድ

ዝናብ። ሆቴል። የደረቀ ሳንድዊች። ልጁ የማይረባ እንዲሆን ስመኝ ዋልኩ... አልሆነም። ፈጣን ነው። ኳስ ሲነጠቅ አንገቱን አይደፋም፣ ሮጦ ይመለሳል። ምን አባቱ!

ጃንዋሪ 29

ዛሬማ ባሰበት፤ ሁሉንም አስጨነቃቸው። አይረባም ብዬ ብመለስስ? ማን ያውቅብኛል?

ለማር ደወለ። ጨዋታ ሳይኖረው።

«አክስቴ፣ ቴሌቪዥን ላይ አየሁሽ። ያን አስቀያሚ አረንጓዴ ኮፍያሽን አድርገሽ። ከትናንት ወዲያም እዚያው ነበርሽ።»

እኔ ጅሏ። መልማይ አንድ ሜዳ ከተመላለሰ ዝውውር እንዳለ ማን ያጣዋል? ለማርማ ቀድሞ ነው የሚገባው።

ኮፍያዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወረወርኩት። እሱው ጠየቀ።

«ልጁ ጥሩ ነው?»

መናገር አልነበረብኝም። ግን ለእሱ ዋሽቼ አላውቅም።

«ጥሩ ነው።»

«እሺ፣ አክስቴ።» ዘጋው።

ፌብሩዋሪ 2፣ ሚልዋኪ

ለሃርላን «የፖርትላንዱን ውሰድ፤ የማያሚዎቹ አርጅተዋል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

እርግጠኛ ነበርኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ፌብሩዋሪ 5

ለማር ወደ ፖርትላንድ ሄደ። አልደወለም።

ፌብሩዋሪ 9

በአዲሱ ማሊያ አየሁት፣ በቴሌቪዥን። ክርኑ ወርዷል። ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ?

ፌብሩዋሪ 11

ኦወን እዚህ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ። አሸነፍን። ቤት ገብቼ ሾርባ ሳሞቅ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«ሚስ ኖቫክ? ኦወን ነኝ፣ ኦወን ሪድል። ይቅርታ... ዛሬ ምን አዩ?»

«ቁጥሬን ማን ሰጠህ?»

«ለማር። ከጨዋታ በኋላ ሁሌ ደውልላት ብሎኛል።»

«ስህተትህን እንድነግርህ?»



«አይ... ብቻዋን ናት ነው ያለኝ።»

ሾርባው ገነፈለብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እኔ እሱን የምረዳው ይመስለኝ ነበር...

ለልጁ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ኳሷን ከፍ አድርጎ እንደሚያነጥራት ነገርኩት። አመሰገነኝ። ነገም ደውል አልኩት።

ከዚያ ለለማር ደወልኩ። እኔ ስደውልለት የመጀመሪያዬ ነው። ቶሎ አነሳው።

«ክርንህ ወርዷል» አልኩት።