ግራጫ ካባ ለብሰው ዝም ያሉ እናት

የእናታችን ታላቅ እህት፣ እናታችን የተወለዱት ረግረጉ ሞልቶ መንገድ በዘጋበት ዓመት ነው ይላሉ። ወንድማቸው ደግሞ፣ የለም፣ ደርቆ መሬቱ በተሰነጠቀበት ዓመት ነው ብለው ይከራከራሉ። እናታችን ወፍ ሲያስቆጥሩ የሁለት ቆጣሪዎች ቁጥር ከተለያየ ሁለቱንም ይመዘግቡ ነበርና እኛም ሁለቱንም ጽፈናል። ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ረግረጉ ዳር ባለች ቤት መወለዳቸው ግን አላከራከረም።

በሥነ ሕይወት ዲግሪያቸውን ባገኙበት ዓመት የረግረጉን ባለረጅም እግር ወፎች ከመጥፋት ለማዳን ተቀጠሩ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ጫጩቶች ስም አውጥተውላቸው፣ በእጃቸው እያጎረሱ፣ እያጫወቱ አሳደጉ። ወፎቹ ሲለቀቁ ሰው ሁሉ እናታቸው መሰላቸው፤ ጠመንጃ ወደያዘውም በእግራቸው ሄዱ። አንድም አልተረፈም። እናታችን ይህን ሳይደብቁ፣ «በፍቅሬ ነው የገደልኳቸው» እያሉ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ አስተምረዋል።

ከዚያ በኋላ፣ ጫጩቶቹ ሰው እንዳይለምዱ፣ ፊት የሚሸፍን ግራጫ ካባና እንደ ጓንት የሚጠለቅ የወፍ ራስ ሊያሰፉ ሄዱ። ልብስ ሰፊው፣ «እህቴ፣ ይሄን ለብሰሽ ማንን ልታስፈራሪ ነው?» ብለው ጠየቁ። በዓመቱ እሳቸውና እናታችን ተጋቡ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ካባውን ለብሰው ሠላሳ አምስት ዓመት በጫጩቶች ፊት ትንፍሽ አላሉም። ቤት ሲገቡ ግን የቀኑን ዝምታ በእኛ ላይ ያካክሱ ነበር። አፏ የማያርፈው ታናሽ እህቴን «ራዲዮ» ያሏት እሳቸው ናቸው፤ በሰባት ዓመቷ ለጫጩቶቹ ተረት ስትነግር ተይዛ ከማሳደጊያው አጥር እንዳትደርስ ተከለከለች። ሥራ ሲጀምሩ አሥራ ዘጠኝ የነበሩት ወፎች፣ ባለፈው ቆጠራ በአንዱ ቆጣሪ ሁለት መቶ ስድስት፣ በሌላው ሁለት መቶ ዘጠኝ ሆነዋል።

እናታችን በጉበት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ሦስት ወይም በስልሳ አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ እህትና ወንድማቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ገና ያልበረሩ አራት ጫጩቶችን ትተዋል። የማሳደጊያው ዘበኛ ምግቡን በአጥር ሥር ያሳልፉላቸዋል፤ ካባውን ለብሶ፣ ከፊታቸው እየሄደ ለቅሞ መብላትን የሚያስተምራቸው ግን የለም። ያንን ሳይማሩ ቢለቀቁ ይሞታሉ።

ለፍጥረቱ ለራሩት እናት ፈጣሪም ይራራላቸው፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ለቤተሰቡ ተነብቦ እዚህ ሲደርስ፣ ራዲዮ ተነሥታ ካባውን ከተሰቀለበት አወረደች። «ነገ ጠዋት የምገባው እኔ ነኝ» አለች። «አራቱም እስኪበሩ አንዲት ቃል ካመለጠችኝ፣ አባዬ አፌን ይስፋው።»