የዘሃራ ድስትና የካቦው ጨው

ሰኞ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1980

ዘሃራን አባረሯት። የእህቴን ልጅ፣ የእርሻ ጣቢያውን ወጥ ሠሪ! ካቦው ጥሩነህ ጠዋት ድስቷ አጠገብ ቆሞ፣ "ፍልሰታ ገብቷል፤ አራሚዎቹ የእስላም እጅ የነካውን አይበሉም" አላት። ሰሊጥ ማረም ከጀመሩ ወዲህ ግን ሲበሉላት ነው የከረሙት። ሥጋ ቢሆን ይገባኛል፤ እኛም የእነሱን አንበላም። የጾም ወጥ ግን ሽሮ ነው። ሽሮ በማን ስም ይታረዳል?

በምትኳ የሚስቱን እህት አስገባ። ዘሃራ ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ከትራክተሬ ወርጄ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድኩ። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ቀበሌው ሰብስቦ ሲያወያየን፣ አንቀላፍተሃል ተብዬ ጮክ ብዬ እንዳነብ ተቀጥቼ ነበር። ሰው በሃይማኖቱ አይበላለጥም የሚለው ለእኔ ደረሰኝ። ቅጣት እንዲህ ይጠቅማል!

ሊቀመንበሩ ራሱን አከከ። "ሕጉማ አለ፣ ጋሽ ሰይድ። አራሚዎቹ ጥለውን ቢሄዱስ?" ለዓርብ ስብሰባ ጠራ።

ፈራሁ። እውነት አንበላም ቢሉስ?

ረቡዕ

የምሥራች! አዲሷ ወጥ ሠሪ ጿሚ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ወጡንም ጭምር። እኔ ስለማልጾም ቀድሜ በላሁ። አቤት ጨው! ካቦው "እንዴት ነው፣ ጋሼ?" ሲለኝ፣ "እጇ ይባረክ! ላንተ ጨመር ታድርግልህ" አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላቀው የሚባል የጎጃም አራሚ አንዴ ጎርሶ ወደ ውሃው በርሜል ሮጠ። ካቦው ተከተለው። የሚጠግን መስዬ ትራክተሬ ሥር ገብቼ ሳቅሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ ፈርታ ጭራሽ ጨው አልነካችም። አሳዘነችኝ፤ እሷ ምን አጠፋች?

ላቀው መጣ። "ጋሼ፣ ዘሃራ የት ሄደች?"

"የእጇን አንበላም ብላችኋል ተብሎ ተባረረች።"

"እመቤቴን! ማን ነው በእኛ አፍ የሚናገረው?"

ዓርብ

ላቀው በስብሰባው ተነስቶ "ቀማሻችንን መልሱልን!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካቦው ቶሎ ብሎ፣ "እሺ፣ ለጨው ሲባል ትመለስ" አለ። ላጨበጭብ ስል ዘሃራ ተነሳች።

"ለጨው ከሆነ አልመለስም። ረመዳን ሲመጣ እኔም አልቀምስም፤ ያን ጊዜ ጨው ቢበዛብኝ ልታባርሩኝ ነው? ያባረራችሁኝ በሃይማኖቴ ነው። ሕግ ስለሚከለክል መለስናት በሉ።"

ሊቀመንበሩ ልክ እንዳለችው አጻፈ፤ እጅ አስወጣ። የካቦው እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ። ግን ወጣ! አንቀጹን ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ያደርኩት እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተመለስኩ። እንዲህ ዓይነት ሽንፈት በየቀኑ ይምጣልኝ።

ቅዳሜ

ሽሮው ሽሮ ሆኗል። አራሚዎቹ ድስቱን ጠርገው በሉ። ዘሃራ ያችን ሴት እንዲያሰናብቱ አልፈቀደችም፤ ረዳት አድርጋ አስቀረቻት። ለምን ብላት፣ "በረመዳን ማን ይቅመስልኝ?" አለች።

ልክ ናት። አሁን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ የገጠሙ እንደሆነ ምን ይዋጠን?