አያ ተገኝ በጭቃ

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፯ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ለአርበኞች መናፈሻ የሚቆመውን ሐውልት መጀመሪያ በጭቃ እንድታሳየን ሸክላ ሠሪዋን ብርቄን ከወለቃ ያስመጣኋት እኔ ነኝ። እያየች የምትሠራው የእህቴን ባል አያ ተገኝን ነው፤ ከአርበኞቹ ሁሉ መልከ ሸጋ እሱ ነው። ትናንት አፍንጫውን ስታበጅ፣ ሰው ሸክላ ሠሪን ቡዳ እንደሚል እያወቅሁ፣ “አያ ተገኝ፣ ጣሊያን ያቃተውን ነፍስህን ይቺ ወደ ጭቃው አስገባችው!” ብዬ ቀለድሁ። ሁሉም ሳቀ። ብርቄ ግን እጇ ቆመ።

ዛሬ አያ ተገኝ በትኩሳት ተኝቷል። ልጁ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

“አጎቴ፣ አባቴን በልታዋለች። አንተው ነህ ያየሃት።”

“ቀልድ ነበር እኮ! በየዓመቱ የሚነሣበት ወባው ነው።”

“ምነው ታዲያ እሷ ደነገጠች?”

“አንተ ብትሆን አትደነግጥም?”

“አሁንማ ፈርተሃት ነው የምትክደው። ጓደኞቼን ይዤ ወለቃ ቤቷ ድረስ እወርዳለሁ። ካልለቀቀችው አንለቃትም።”

ስምል ስገዘት ጥሎኝ ሄደ። በቅሎዬን ጭኛለሁ። ቀድሜያቸው እንደምደርስ እንኳ እንጃ። ብደርስስ? “ልጆችሽን ይዘሽ ሽሺ” ስላት፣ እሷም ቀልድ ይመስላት ይሆን?