በር ላይ የቀረው ጫማህ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያልዬ፤

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። ተዝካርህንም አወጣን፤ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ መርቆን ሄደ፣ እኔ ግን ያው ነኝ። ቤታችንም ብዙ አልተለወጠም። ልጃችን ሰላም ብቻ አንተን ያደናቅፍህ የነበረውን ደፍ አስነቀለችው። አባትሽ ከሄደ በኋላ ምን ይረባል ብዬ ተቆጣኋት።

ያ ጫማህ አልጋ ሥር አለ። ስኳሩ እግርህን ካደነዘዘው ወዲህ፣ መሬት መርገጥህን በዓይንህ ካላየህ አታውቅም ነበር። ቤቴል ያለው ክሊኒክ ጫማህ ውስጥ መርገጥህን የሚያውቅ ስስ ሶል አስገብተው፣ ገና ስሜት ካለው ከጉልበትህ ሥር ቀበቶ አሰሩልህ። ስትረግጥ ሶሉ ለቀበቶው ይነግረዋል፣ ቀበቶው ይነዝርሃል። መሬት ስልክ ደወለችልኝ እያልክ ስትቀልድ አታሟርት እልህ ነበር፤ ደስታዬን ግን አልቻልኩትም። ግድግዳ ሳትይዝ እስከ ቀራንዮ ታክሲ ፌርማታ ሄድክ። ተስፋ ያደረግሁት ያኔ ነው፤ የመጨረሻዬም እሱ ነው።

ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንደ ልማድህ በሩ ላይ ጫማህን አወለቅክ። ባዶ እግርህን እንዳትሄድ ተብለሃል ብዬ ለመንኩህ፤ በእግዚአብሔር ደጅ በጫማ አልገባም ብለህ ዘጋኸኝ። ማን ይፈርድብሃል፣ እናትህ ያሳደጉህ እንደዚያ ነው። ቀበቶው እግርህ ላይ ነበር፤ ሶሉ ግን ከጫማው ጋር በር ላይ ስለቀረ ዝም አለ። የጠርሙስ ስባሪ ሲቆርጥህ አልተሰማህም። ከኋላህ ድንጋዩ ላይ ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ። ቁስሉ አልድን አለ። መጀመሪያ ጣቶችህን፣ ቀጥሎ እግርህን፣ በመጨረሻም አንተኑ ወሰደብኝ።

አያልዬ፣ አሁን የእኔም እግር ደንዝዟል። ስኳር ነው አሉኝ። በቀደም ባኞ ውስጥ የፈላ ውኃ ላይ መቆሜን ያወቅሁት በእንፋሎቱ ነው። ጫማህን አውጥቼ፣ ጨርቅ ጠቅጥቄ አጠለቅሁት፤ ቀበቶውንም ቻርጅ አድርጌ አሰርኩ። ለአንተ ክብደት የተስተካከለ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ብረግጥ ብረግጥ ንቅንቅ አላለም። ክሊኒኩ ሄጄ ብጠይቅ፣ ለሙከራ ነበር፣ ቆሟል አሉኝ። ሰላም ደፉን ለማን እንዳስነቀለች ያኔ ገባኝ።

ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ አልረሳህም። ቤተ ክርስቲያንም አልቀርም፤ እንደ አንተ ጫማዬን በሩ ላይ አወልቃለሁ። ስወጣም አንተን እያሰብኩ ዘወር ብዬ የረገጥኩትን ድንጋይ አያለሁ። ግን ዓይኔም ደክሟል። የአንተን ደም እኔ አየሁልህ፤ የእኔን የሚያይልኝ የለም።

ያንተዋ ዘነበች