ዶክተሩ የለም ያልኩሽ ቀን

ውድ ልጄ፣ ሚጢጢዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታዬ፣ የከተማችንን ወደብ ቁልቁል ከምታሳየው፣ ከአሥራ አንደኛው ፎቅ በላይ ካለችው የሊፍት ሞተር ክፍል ሆኜ ነው። የምሳ ሰዓት ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት የሚፈልገኝ የለም። እቤት ጀምሬው ነበር፤ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ባለፈው እሑድ የተናገርሽው ይመጣብኝና እጄ ይያዛል።

የእጮኛሽ እናት ምሳ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግራ ጆሮሽ ስትወለጂ ጀምሮ ነው እንዴ የማይሰማው፣ ልጄ?» አሉሽ። አንቺም እየሳቅሽ «ኧረ አይደለም፣ ስድስት ዓመቴ ላይ ታምሜ ነው» አልሻቸው። «አባዬ በቀጠሮዬ ቀን ይዞኝ ወጥቶ ነበር፤ ዶክተሩ ቀረ። ቅር እንዳይለኝ ብሎ ወደብ ወሰደኝና መርከብ አሳየኝ። መኪናችንም የገባችው ያን ቀን ነው። በልጅነቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።» ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው «አባት ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እኔም ጎረስኩ። ምን እንደጎረስኩ አላውቅም።

ልጄ፣ ዶክተሩ አልቀረም። እኛ ነን የቀረነው። የሆስፒታሉን በር እንኳ አልረገጥንም።

ያቺን መኪና የወደድኳት እናትሽን ሳላውቃት ነው። ሊፍት ጥገና ስማር፣ ጸጉር አስተካካይ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አሮጌ መጽሔት ላይ አየኋት። ሁለት በር ያላት፣ ከመሬት የተጠጋች፣ መብራቷ ሲጠፋ ኮፈኑ ውስጥ ተኝቶ ሲበራ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ የሚል። ሰውየው ዞር ሲል ገጹን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ጃፓኖቹ እሷን መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የቀሩትን ሰብሳቢዎች ናቸው የሚሻሙባቸው። አንቺ ስድስት ዓመት ሲሞላሽ አንዷ እዚያው ጃፓን ለሽያጭ መቅረቧን ሰማሁና ለእናትሽ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ከተጋባን ጀምሮ ስለ እሷ ስታወራ ሰምቼሃለሁ» አለችኝ። «አምጣትና ሁላችንም እንረፍ። ብቻ ቤትህን እንዳትረሳ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ገዝቼያት በመርከብ እስክትመጣ ያሉትን ወራት እቤት ነበርኩ ብል ውሸት ነው። ገላዬ ነበር። የሻንሲ ቁጥሯን በቃሌ እወጣው ነበር፤ የአስተማሪሽን ስም ግን አንቺኑ ነበር የምጠይቅሽ። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን ማስጮህ ጀመርሽ። አስተማሪሽ «ስጠራት ትንቀኛለች» ብላ ላከችብን። ሦስት ፎቅ ርቄ የሞተር ኩሽኔታ መበላቱን በድምፁ የማውቅ ሰው፣ «ሕፃን አይደለች? ልቧ ጨዋታ ላይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ትራስሽ ላይ መግል አይታ ክሊኒክ የወሰደችሽ እናትሽ ናት። እነሱም ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ ጆሮ ሐኪሙ ላኩሽ። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ።

እናትሽ የስፌት ፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ከሆነች ገና ሳምንቷ ነበር፤ መቅረት አልቻለችም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝና «ይህቺን ብቻ አንተ አድርግልኝ» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ ነበርን፣ መኪናዋን ከጉምሩክ የሚያስወጣልኝ ትራንዚተር ሲደውል። «መኪናህ ከመርከብ ወርዳለች። የጉምሩክ ፈታሹ የሚያያት ዛሬ ነው። ባለቤቷ ካልቀረበ መጋዘን ትገባለች፤ ከዚያ መቼ እንደምትወጣ እኔን አትጠይቀኝ።»

«ልጄን ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው» አልኩት።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት የትራፊክ መብራት ብቻ ነበር የቀረን። ሹፌሩን ወደ ወደብ እንዲያዞርልኝ ነገርኩት። አንቺ ቀና ብለሽ «ደረስን እንዴ?» አልሽኝ። «ዶክተሩ ዛሬ የለም» አልኩሽ። «መርከብ ነው የምናየው።» አጨበጨብሽ። መርፌ ፈርተሽ ነበር ለካ።

የቀረውን ታስታውሺዋለሽ። ፈታሹ የሻንሲ ቁጥሯን በባትሪ እያበራ ሲያመሳክር ትከሻዬ ላይ ነበርሽ። ኮንቴይነሩ ውስጥ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ፤ ክላክሱን ስትጫኚው የወደቡ ሠራተኞች ሁሉ ዞሩ። እኔ በግራሽ በኩል ባለው በር ጎንበስ ብዬ «ወደድሻት?» አልኩሽ። አልመለስሽልኝም። ደግሜ ጠየቅሁሽ። መሪውን እያየሽ ዝም። በደስታ ፈዘሽ መስሎኝ ሳቅሁ።

ማታ እናትሽ «ምን አሏችሁ?» ስትል «ዶክተሩ ቀረ» አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፣ ወደ አንቺ ዞረች። «አዎ፣ ዶክተሩ የለም» አልሻት፣ እኔ የሰጠሁሽን ቃል ሳትቀንሺ። በስድስት ዓመትሽ የሐሰት ምስክር አደረግሁሽ። ይኸው እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ ትመሰክሪልኛለሽ።

በማግስቱ ስደውል አዲሱ ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ሆነ። በአራተኛው ወር ትኩሳቱ ጣለሽ፤ ከጆሮሽ ኋላ አበጠ። ቀዶ ጥገና ያደረገልሽ ሐኪም «መግሉ የውስጥ አጥንቶቿን በልቷቸዋል» አለን። «ያኔ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮዋ መጥታ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

እናትሽ ከዚያ ክፍል ወጥታ በቀጥታ ካርድ ክፍል ሄደች፤ ተከተልኳት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች መስኮቱ ላይ። «ዶክተሩ ቀረ ብላችሁ ልጄን የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ!» አለቻት እናትሽ። ሴትዮዋ መዝገቡን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች ወረደችና ስምሽ ላይ ቆመች። ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ፣ በተገለበጠ ጽሑፍ አነበብኩት፤ «አልቀረቡም» ይላል። ቀና አለች። ያየችው እናትሽን አይደለም፣ እኔን ነው። እኔ የወለሉን ንጣፍ አየሁ።

መዝገቡን ዘጋችው። «ይቅርታ እናቴ። የእኛ ስህተት ይሆናል» አለች።

እናትሽ አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ አለቻት። የሰው ልጅ ዋጋ የማታውቂ፣ ወንበር የምታሞቂ አለቻት። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አልመለሰችም። እኔን ለማዳን ብላ አይመስለኝም፤ ልጇ አልጋ ላይ የተኛችባትን እናት ሌላ ሸክም ላለመጫን ነው። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ለእኔ የሚገባው ስድብ ሲወርድባት ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ በመኪናዋ ደስ አላለኝም። የወደድሻት አንቺ ነሽ። መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ስንሄድ እኔ በሚሰማው ጆሮሽ በኩል ነኝ። «አባዬ፣ ታክሲ ውስጥ ምን እንደምትል አይሰማኝም፤ እዚህ ግን ሁሉንም እሰማለሁ። ለእኔ ተብላ የተሠራች ናት» ትይኝ ነበር። እሑድ እሑድ ስንወጣ ሰዎች ፎቶ ሊያነሷት ያስቆሙን ነበር። አንቺ ትኮሪያለሽ፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስልሽ ነበር። ባለፈው እሑድ እንግዶቹን ሸኝተን ስንመለስ «ለሠርጌ እሷን ትሰጠኛለህ?» ስትይኝ ግን ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

ማክሰኞ ለእናትሽ ነገርኳት። የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልጮኸችም። ካውያውን ከሶኬቱ ነቅላ «ያቺን የካርድ ክፍል ሴትዮ ያልኳትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ» አለች። ትናንት ከሥራ አስፈቅዳ ሆስፒታሉ ሄደች። ሴትዮዋ ጡረታ ወጥታለች፤ ስልኳን ለምና ተቀብላ ደወለችላት። ሴትዮዋ አላስታወሰቻትም። «የኔ እመቤት፣ በዚያ መስኮት ስንት እናት ጮኻብኛለች» አለቻት። እናትሽ ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እንድጠጋት አልፈቀደችልኝም። «ልጅቷን ራስህ ንገራት» ብቻ ነው ያለችኝ።

ጆሮሽን ወሰድኩብሽ፤ አሁን ደግሞ ያንን ቀንሽን ልወስድብሽ ነው። ደስታሽ ግን ውሸት አልነበረም። ውሸቱ የእኔ ነው።

ፊት ለፊት ብነግርሽ እንባዬ ይቀድመኛል፤ አንቺም ላባብልህ ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። የጻፍኩልሽ ብቻሽን ሆነሽ፣ ማንንም ሳታባብዪ በደንብ እንድትናደጂ ነው። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ገና ዛሬ ሰማሽው። መኪናዋን ለሠርግሽ ውሰጃት ወይም ሽጫት፤ እኔ ከእንግዲህ አልነዳትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ። መጥተሽ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ አላሳጥርም፣ አላሳምርም።

አባትሽ